የግራው ስክሪን

ጥር 4

ወንድሜ ጋሻዬ፣

አዋላጇ ጎረቤቴ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ወጥታልሃለች። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጣ አስጠንቅቋት ነበር፤ እሷ ግን ገና ክራንቹን ሳትለምደው፣ ላይኛው ፎቅ የተወለደውን ሕፃን አያለሁ ብላ እየተንጠላጠለች ወጣች። ልጇ ልታስታምማት ሥራዋን ትታ መጥታ፣ አሁን ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ አንድም ቃል አያመልጠኝም። ትናንት ልጅቷ "እማዬ፣ አንቺ እኮ በሽተኛ ነሽ!" ስትላት፣ "በሽተኛስ አንቺ! በዚህ ዕድሜሽ ጎንበስ ስትዪ እህህ የምትዪው" ብትላት የስፌት መኪናዬን አቁሜ ሳቅኩ። ስላንተም ጠይቃለች። "ያ ቀጫጫ ወንድምሽ ሥጋ አወጣ ወይ?" አለችኝ። አውጥቷል ብያታለሁ፤ እንዳታሳፍረኝ።

ስልክ እያለሽ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ላልከው፣ አንደኛ ቤታችን ጠባብ ነው፣ እሱ ሁሉን ይሰማል። ሁለተኛ ድምፅህን ስሰማ ማልቀሴ አይቀርም። ወረቀት ላይ ከሆነ ግን አፍንጫዬን ጠርጌ እቀጥላለሁ።

"እሱ" የምለው ያው የኔን ሰውዬ ነው። እንደምታውቀው ባለፈው ዓመት ከባቡር መቆጣጠሪያው ክፍል ማንም ሳያባርረው በገዛ እጁ ወጣ። "ሰለቸኝ" አለ፣ በቃ። ያን ሁሉ ዘመን ባቡሮቹን በስክሪን ሲከታተል የኖረ ሰው መስኮት ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንተም በእህታችን ልጅ ሠርግ ላይ፣ በሰው ፊት፣ "ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ እህቴ በመርፌ ታኖረዋለች" ካልከው ወዲህ ስምህ በዚህ ቤት አይነሳም። እሱም እንዳኮረፈ፣ አንተም እንደኮራህ ቀራችሁ። እኔ መሀል ላይ አለሁ።

አሁን ግን አንድ ነገር ጀምሯል። አክሲዮን ጠዋት ገዝቶ ከመምሸቱ በፊት መሸጥ። አትደንግጥ፣ በእውነተኛ ገንዘብ አይደለም፤ መለማመጃ ሂሳብ የሚሉት አለ፣ ትርፉም ኪሳራውም የውሸት ነው። ችግሩ ያቺ አሮጌ ላፕቶፕ ናት። ዋጋውን ሲያይ ዜናው ይደበቅበታል፣ ዜናውን ሲከፍት ዋጋው ያመልጠዋል። "ድሮ ግድግዳ ሙሉ ነበር የማየው" ይልና ክዳኑን ይዘጋዋል። ከመዝጋቱ በፊት ግን፣ ወንድሜ፣ ለአፍታ ያ የማውቀው ሰው ፊቱ ላይ ብቅ ይላል። ያን ሰው ነው የምፈልገው።

ስለዚህ ብዙ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ልገዛለት አስቤያለሁ። እዚህ ያለው ሻጭ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚሽከረከርበት አሳየኝና "ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?" አለኝ። "ባሌ ነው፣ ጺሙ ሸብቷል" ብለው አፈረ። አንተ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ስትገጣጥም የምትውል ሰው ነህና ምከረኝ። ለሱ አልነግረውም።

እህትህ

ጥር 15

እታለም፣

ደብዳቤሽ ሱቅ ውስጥ ደረሰኝ። ሰው ፊት ስለነበርኩ ጓዳ ገብቼ ነው ያነበብኩት። ለአዋላጇ ሥጋ አውጥቻለሁ በያት፤ ሆዴ ላይ ነው እንጂ።

መብራት የሚሽከረከርበትን ተይው። መብራቱ አክሲዮን አያውቅም።

ግራፊክስ ካርድ የሚሉሽ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል ነው። ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ጉልበቱ ይታያል። ለባልሽ ግን የሚታየው ስንት ስክሪን ይሰካበታል የሚለው ነው። ቁጥርና መስመር ማሳየት ከባድ ሥራ አይደለም፤ መካከለኛ ሆኖ አራት መሰኪያ ያለው ይበቃዋል። ከዚያ የሚተርፈውን ለፕሮሰሰሩና ለሚሞሪው እናድርገው። ሁሉን ነገር ባንዴ ከፍቶ ስለሚሠራ መንቀራፈፍ የለበትም። አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ዋጋው ሌላ ነው።

ስክሪን ስድስት የሚሰቅሉት ለፎቶ ነው። ሦስት ይበቃዋል፣ ሁሉም ሃያ ሰባት ኢንች፣ አንድ ዓይነት። የተለያየ ከሆነ ቀለሙም ከፍታውም እየተለያየ ዓይን ያደክማል። ቴሌቪዥን ስክሪን ይሆናል የሚልሽ ካለ አትስሚው፣ ፊደሉ ይደበዝዛል። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ አብሬ እልካለሁ፤ የገዛውን ሸጦ እስኪወጣ ይበቃዋል። ኢንተርኔቱ በገመድ ይሁን፤ ሲቋረጥ በስልክሽ ያገናኘው።

እዚሁ ገጣጥሜ፣ ሞክሬ በአውቶቡስ እልከዋለሁ። አንቺ ጠረጴዛ አሠሪ። ስክሪኖቹ ጎን ለጎን እንዲቆሙ ለክተሽ ንገሪው አናጢውን። መስኮቱ ከጀርባው እንዳይሆን፣ ያንጸባርቃል። መነጽሩንስ መቼ ነው ያስለካው?

ሰላም በይልኝ አልልሽም። መለማመጃው ግን ቢያንስ እስከ ክረምት ይቀጥል። በዚህ ነገር ገንዘቡን የማያጣ ጥቂት ነው፤ አንቺም ብትሆኚ አታሳዝኚው፣ ብቻ አታጣድፊው።

ታናሽሽ

የካቲት 2

ጋሻዬ፣

ደርሷል፣ ሁሉም ደህና ደርሷል። አንድም አልተሰበረም። የአውቶቡሱ ረዳት "ምን ቢሆን ነው እንዲህ የታሸገው፣ እንቁላል ነው?" እያለ ተሸክሞ አስገባልኝ።

ስለ ጠረጴዛው አትጠይቀኝ። እሺ፣ ጠይቀኸኛልና ልንገርህ። ሃያ ሰባት ኢንች ስትለኝ እኔ እንደ ጨርቅ ወርዱ መስሎኝ ሦስቴ ደምሬ፣ ለስፌት የሚተርፍም ጨምሬ ለአናጢው ሰጠሁት። ለካ ስክሪን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው! ምነው ብትነግረኝ! ጠረጴዛው በራፉን አልፎ መጣ። አሁን በሩ ግማሽ ነው የሚከፈተው፤ ወደዚያ ክፍል የምንገባው ሆዳችንን ስበን በጎን ነው። አናጢው "እመቤቴ፣ ልቁረጠው?" ቢለኝ እሱ ቀድሞ "ተወው፣ ሰፊ ይሁን" አለ። ሰፊ ነገር ናፍቆት ነው።

መሰካቱ እንደፈራሁት አልሆነም። በየኬብሉ ጫፍ ያሰርካትን ክር ሳይ ልቤ ቀለጠ። ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ቢጫውን ከቢጫ። ልጅ ሆነህ ከስፌት ሳጥኔ እየሰረቅክ መኪና አሻንጉሊትህን የምትጠግንበት ክር። ማን ገጣጠመው ሲለኝ "የደንበኛዬ ዘመድ ነው" አልኩት። ኬብሉን አንስቶ ክሩን አገላብጦ አየና ሰካው።

ሦስቱ ስክሪን ሲበራ ብታየው! መሀሉ ላይ ዋጋው፣ በቀኝ ዜናው፣ በግራ ደግሞ ማስጠንቀቂያው፤ የያዘው አክሲዮን መውረድ ሲጀምር ቀይ ይበራል። ወንበሩን ስቦ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "ጣቢያ አንድ ክፍት ነው" አለ ለራሱ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ አነጋገር ነው። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር፤ ጣቴን ወጋሁ።

ሁለት ነገር ግን አስቸግሯል። አንደኛው፣ ኮምፒውተሩ እኩለ ቀን ላይ ድንገት ድርግም ይላል፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ። ምን ነክተሽበታል እንዳትለኝ፣ እንዲያውም እየተንከባከብኩት ነው። አቧራ እንዳይገባው ከመጋረጃ ቁራጭ ልብስ ሰፍቼለታለሁ፤ ባለ ሽፋን፣ ከውስጥ ጥጥ ያለው፣ ከፊት ለቁልፉ ብቻ ቀዳዳ ያለው። ቆንጆ ሆኗል።

ሁለተኛው፣ የግራው ስክሪን አይረባም ይላል። ማስጠንቀቂያው አይታይበትም አለ።

እህትህ

የካቲት 9

እታለም፣

ልብሱን አውልቂለት! እባክሽ ዛሬውኑ። ያ ሳጥን የሚተነፍሰው ከፊት አየር ስቦ ከኋላ እያወጣ ነው። አንቺ በጥጥ ጠቅልለሽ አፍነሽው፣ እሱም እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን እያጠፋ ነው። ደብዳቤሽን ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው አንዱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልብሱን ግን አትጣይው፣ ማታ ሲጠፋ አልብሺው።

የግራውን ስክሪን በሚመለከት፣ እኛ ሁልጊዜ የምናደርገውን አድርጊ። የግራውን ነቅለሽ በቀኙ ቦታ፣ የቀኙን በግራው ቦታ አቁሚ። ስክሪኑ ከተበላሸ ችግሩ አብሮት ወደ ቀኝ ይሄዳል። ችግሩ ግራ ላይ ከቀረ ደግሞ ስክሪኑ ደህና ነው ማለት ነው፤ ያኔ ኬብሉን ቀይሪ። ቀዩን ክር በቢጫው። አንድ በአንድ ነው እንጂ ሁሉን ባንዴ አትቀይሪ፣ ግራ ይገባሻል።

ያየሽውን ጻፊልኝ።

ታናሽሽ

የካቲት 16

ወንድሜ፣

ልብሱ ወልቋል፣ ኮምፒውተሩም ከዚያ ወዲህ አንዴም አልጠፋ። እኔ አሳቢ ሆኜ፣ እሱ ታፍኖ! ባልደረቦችህን ግን ነግሬሃለሁ፣ አንድ ቀን መጥቼ አንድ በአንድ እቆጣቸዋለሁ።

ስክሪኖቹን አቀያየርኩ። ግራው አሁንም አይረባም አለ። ኬብሉን ቀየርኩ። አይረባም። መሰኪያውን ከካርዱ ኋላ ወደ አራተኛው ቀዳዳ አዛወርኩት፣ ይህን እንኳ ሳታዘኝ ነው። አይረባም። ግራ ላይ ያቆምኩት ሁሉ፣ ትናንት ደህና የነበረው እንኳ፣ እዚያ ሲደርስ ይበላሻል።

ትናንት ደግሞ እኔ ከበሩ አጠገብ ሱሪ እያሳጠርኩ፣ ቀና ስል ማስጠንቀቂያው ቀይ በርቷል። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። እሱ መሀሉን እያየ ዝም ብሎ ተቀምጧል። "አንተ፣ ቀይ በርቶብሃል!" አልኩት። ዞር ብሎ አየውና ፊቱ ተለዋወጠ። የያዘው ሁሉ ወርዶ፣ ወርዶ። "ይህን ዕቃ የሸጠልሽ ሰው አጭበርብሮሻል!" ብሎ ጮኸብኝ። እሱ ጮሆብኝ አያውቅም፤ ታውቀዋለህ። ከዚያ ወጥቶ ሲሄድ ትከሻው ከበራፉ ጋር ተጋጨ። ያ የፈረደበት ጠረጴዛ።

የውሸት ገንዘብ ነው አልኩት። "ገንዘቡን ማን አለ!" አለኝ።

ተመልሶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ምናለ ባልጀመርኩት። ዕቃህን አላማሁም፣ ብቻ ሌላ ስክሪን ብትልክልኝ ብዬ ነው።

እህትህ

የካቲት 22

እታለም፣

ሌላ ስክሪን አልክም። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ስክሪኑን ቀየርሽ፣ ኬብሉን ቀየርሽ፣ መሰኪያውን ቀየርሽ፣ ችግሩ ግራ ላይ ቀረ። ያልተቀየረ አንድ ነገር ብቻ አለ። አንቺ ከሩቅ ቀዩን አይተሻል። ስለዚህ ስክሪኑ ያሳያል። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለሽ እዪ፣ ያው ነው የምታዪው።

የተበላሸው እኔ ከላክሁት ዕቃ ውስጥ አይደለም፣ እህቴ።

አሁን የምጠይቅሽን እሱን ሳትጠይቂ እዪው። ሲበላ የሳህኑን ግራ ይተወዋል? ጺሙን ሲላጭ በአንድ በኩል ይዘልላል? ዕቃ የሚጋጨው በየትኛው ትከሻው ነው? በግራው በኩል ቀስ ብለሽ ብትመጪ ይደነግጣል?

እንዲህ ከሆነ የመነጽር ጉዳይ አይመስለኝም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን አንድ ደንበኛችን አባቱ እንዲህ ሆኖ ነበርና ሲያወራ ሰምቻለሁ። እስከ ሰኞ አትጠብቂ። ነገ ውሰጂው።

ያኔ በሠርጉ ላይ "ጤነኛ ሰው" ነበር ያልኩት። ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። ያቺን ቃል ዛሬ ብውጣት አልወርድ አለችኝ። ይቅርታዬን በደብዳቤ ማድረስ አልፈልግም ነበር፣ ግን ሌላ መንገድ የለኝም። ካመንሽበት አንብቢለት።

ታናሽሽ

የካቲት 27

ጋሻዬ፣

ከሆስፒታል ኮሪደር ነው የምጽፍልህ፣ ጉልበቴ ላይ፣ ስለዚህ ፊደሌ ቢጣመም አትፍረድብኝ።

የጠየቅከኝን ሁሉ አይቻለሁ። አዎ። ሁሉም አዎ ነው። ስንት ጊዜ "ምነው ግማሹን ተውከው፣ አልጣፈጠህም?" ብዬ ያኮረፍኩበት ሳህን በግራ በኩል ነው የሚቀረው። እኔ አጠገቡ እያለሁ፣ ከአንድ ማዕድ እየበላሁ አላየሁም። አንተ ከዚያ ሆነህ አየኸው።

እንቢ ይላል ብዬ ነበር። "አብረን እንሂድ" ስለው ጫማውን አደረገ። ምንም አልጠየቀኝም። እንደሚያውቅ ያወቅኩት ያኔ ነው።

አሁን ውስጥ ገብቷል፤ የጭንቅላቱን ምስል እያነሱት ነው። የኔን እጅ ይዞ ነበር፣ በግራ እጁ። ሌላውን ቤት ስገባ እጽፍልሃለሁ። አትደውል፣ እባክህ።

መጋቢት 14

ወንድሜ ጋሻዬ፣

ቆየሁብህ፣ ይቅር በለኝ። እጄ እምቢ ብሎኝ እንጂ አንተን ረስቼ አይደለም።

ዓይኑ ደህና ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተዘግታ አልፋለች፣ ግራውን የሚያይበት ቦታ ላይ። ከዓመት በላይ ሆኗታል አለ ሐኪሙ። የጠፋው ላይመለስ ይችላል። ደም ግፊቱ ግን ሰማይ ነክቶ ነበር፤ "እንዲሁ ተቀምጦ ቢሆን የሚቀጥለው ትልቁ ነበር" አለኝ፣ ለብቻዬ ጠርቶ። መድኃኒት ጀምሯል። ሥራም ተሰጥቶታል፦ ራሱን ወደ ግራ ማዞር መልመድ አለበት። ዓይኑ የማይደርስበትን አንገቱ እንዲያደርስለት።

በመሀል በላክልኝ አጭር ደብዳቤ ስክሪኖቹን ልሽጣቸው ወይ ላልከው፣ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። "ሦስት ስክሪን? ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ከየት ይመጣል፣ ብቻ በልኩ ይሁን" አለ። ስለዚህ ሁለቱን ወደ ቀኝ ሰበሰብናቸው፣ አንዱን ግራ ላይ ተውነው። የስፌት መኪናዬን አምጥቼ ከግራው ጎን አቆምኩ። ቀይ ሲበራ "ግራ!" እለዋለሁ፤ ራሱን ያዞራል። መጀመሪያ እኔን ያያል፣ ከዚያ ስክሪኑን። አንዳንዴ ምንም ሳይበራ እጠራዋለሁ። አውቆብኛል፣ ግን ይዞራል።

ትናንት ሰው በሰው ላይ ሆነን ዋልን። መጀመሪያ የመጣችው ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ነበረች፣ በግራው ወንበር ስትሠራ የኖረችው፣ ፉጨት የሚሏት። ባቡር በሰላም ሲገባ ስለምታፏጭ ነው። ወንበር ስባ እዚያው ግራው ላይ ተቀመጠችና ከመውጣቱ በፊት በነበረው ቀን የሆነውን ለኔ ነገረችኝ። በእሱ ግራ ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ በርቶ፣ እሱ ሳያየው እሷ አይታ ባቡሩን አስቆመች። ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ የጆሮ ማዳመጫውን አስረክቦ "ሰለቸኝ" ብሎ ወጣ። እሷ ደግሞ አይታ ስላስቆመች የተቀየመባት መስሏት ይኸው እስከዛሬ ሳትመጣ ቆየች።

እሱ ጠረጴዛውን እያየ፣ "ብናገር ታዝኑልኛላችሁ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ሰው እገድላለሁ። ስለዚህ ሰለቸኝ አልኩ" አለ።

"አንተ ሰውዬ!" አለችው። "ያን ሁሉ ዓመት በግራህ የተቀመጥኩት ለጌጥ መስሎህ ነው?"

መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፤ እኛም ዞር አልንለት። ፉጨት ስትወጣ ደረጃው ላይ ስታፏጭ ሰማኋት።

ከሷ ቀጥላ አዋላጇ በክራንቿ መጣች። በግማሽ በሩ ውስጥ ልትገባ ስትል ክራንቹ ከጠረጴዛው ጋር ተያይዞ በራፉ ላይ ቀረች። "ስንቱን ከጠባብ ቦታ አውጥቼ እኔ እዚህ ልቅር?" ብላ ጮኸች። እሱ ነው ተነስቶ ያወጣት። ተነስቶ ሲሄድ ራሱን መጀመሪያ ወደ ግራ አዞረ፤ ማንም ሳይጠራው። እሷም "በል አሁን ተሽሎሃል" አለችው።

ማታ ሁሉም ሲሄድ ደብዳቤህን አነበብኩለት፣ ያቺ የሠርጉ ቃል ያለችበትን። ስጨርስ ተነስቶ ለኮምፒውተሩ የሰፋሁትን ልብስ አልብሶ ሲያበቃ፣ ኬብሉ ላይ ያለችውን ቀይ ክር በጣቱ እያሻሸ፣ "የደንበኛሽ ዘመድ" አለኝ። "ኬብል ላይ ክር የሚያስር ሰው ስንት ነው የማውቀው?"

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቆ ኖሯል፣ ወንድሜ።

ከዚያ ይህን ጻፊለት አለኝ፣ እንዳለው ነው የምጽፍልህ፦ "ስክሪኖቹን ወደ ቀኝ ስናዛውር የመጨረሻው ኬብል አጠረብን። በደብዳቤ የሚረዝም ኬብል የለም። ረጅሙን ራሱ ይዞ ይምጣ።"